ውርጭና የድንጋይ ሽበት

ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ብርድ ሁለት ዓይነት ወሬ አለው። ለእንግዳ ሲያወራ ያገንነዋል፤ ከአገሩ ልጆች ጋር ሲሆን ግን ነገሩ ከነጭራሹ አይነሣም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነውና ማን ለማን ይነግራል? «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂል ሌላ ቦታ ለጨዋታ ይነገር ይሆናል፤ እኛ ቤት ግን የወሩ በጀት ነበር። የመንዝ በርኖስና ባና፣ የከተማችን የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ በየመንደሩ የሚወጣው አረቄ፣ ሁሉም የዚያው ብርድ ውጤቶች ናቸው። ብርዱ ለብዙ ሰው እንጀራ ሰጥቷል። ለእኔ የሰጠኝ ፎቶግራፍ ነው።

በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ፎቶ ቤት እየሄድኩ እላላክ ነበር። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። የቤቱ ዋና ሥራ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ማመልከቻ። በበዓል ሰሞን ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ነጭ በነጭ ለብሶ ይመጣና መጋረጃው ላይ ከተሳለው ፏፏቴ ፊት ይደረደራል። ካሜራው ሩሲያ ሠራሹ ዜኒት ነበር፤ ፊልሙ ከምሥራቅ ጀርመን የሚመጣው ጥቁርና ነጭ ኦርዎ። አንዱ ጥቅል ሠላሳ ስድስት ምስል ይይዛል። ደንበኛ «ለነገ ካልደረሰልኝ» ብሎ ሲያጣድፋቸው ጋሼ ፊልሙ ሳያልቅ ለማጠብ ይገደዳሉ። መጨረሻ ላይ የተረፈችው ፊልም ባዶዋን ከምትታጠብ ብለው ማታ ካሜራውን ይሰጡኝና «በል አንተ ጨርሳት፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግን እዚህ ድረስ» ይሉኛል።

ነገሩን ሁሉ የወሰነው ያ ሰዓት ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፎቶ ቤቱ ስለሚከፈት ሩቅ ሄዶ ማንሳት የማይታሰብ ነበር። የጣርማ በር ገደል አፋፍ፣ የአንኮበር ተራሮች፣ የወፍ ዋሻ ጫካ ሲወሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን መኪናም ጊዜም የለኝም። በእጄ ያለው ከቤታችን ጓሮ እስከ በሬሳ ወንዝ ሜዳ በእግር የሚደረስበት፣ ያውም ጎህ ሲቀድ የሚታየው ነው። በዚያ ሰዓት ምን ይነሣል? ሰው ከአልጋው አልወረደም፤ ከብቱ በረት ነው። ያለው ካብ ነው። ካቡ ላይ ሽበት አለ፤ ሽበቱ ላይ ውርጭ አለ።

ካቡን የሠራው አያቴ ነው። ከማሳው የለቀማቸውን ጥቁር ድንጋዮች ያለ ጭቃ እየደራረበ፣ ጓሮውን ከግጦሹ የሚለይ ረጅም አጥር አወጣ። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ አንዱ ፊቱ ደቡብን፣ ሌላው ሰሜንን ያያል። ክረምት ላይ ሁለቱም ፊት አንድ ናቸው፤ ሐምሌና ነሐሴ ድንጋይ የሚባል ነገር አይታይም፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ልዩነቱ የሚወጣው መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ፀሐይ ከዚያ ወዲያ ወደ ደቡብ እያዘነበለች ስለምትሄድ የደቡቡ ፊት ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ሽበቱ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። የሰሜኑ ፊት ራሱ በጣለው ጥላ ውስጥ ስለሚውል የክረምቱን እርጥበት አፍኖ ያቆያል።

ሽበት የክረምት ነው፤ ውርጭ የበጋ። እንደ ወጉ ቢሆን አይተያዩም። አንዱ ዝናብና ጉም ይፈልጋል፤ ሌላው የጠራ ሰማይና ደረቅ አየር። ሁለቱ የሚገናኙት ከጥቅምት እስከ ኅዳር ባሉት ሳምንታት፣ ያውም በሰሜኑ ፊት፣ ያውም ከታች ከካቡ መሠረት አጠገብ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ሲገባ ውርጩ ይብሳል፤ የሚያርፍበት አረንጓዴ ግን አይገኝም። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ከዓመት ዓመት እዚያው ካብ ሥር መንበርከክ ነው።

አረንጓዴውን ሽበት የሥነ ሕይወት መምህራችን ሞስ ይሉት ነበር። ከድንጋዩ ላይ እንደ ልጥፍ የሚታየው ግራጫው ሌላ ነው፤ እሱ ላይከን የሚባለው፣ ፈንገስና አልጌ ተዛዝለው የሚኖሩበት ነው። ሞሱ ግን ራሱን የቻለ ተክል ነው፤ ሆኖም ከተክል የምንጠብቀው ብዙ ነገር ይጎድለዋል። እውነተኛ ሥር የለውም፤ ድንጋዩን ቆንጥጦ የሚይዝባቸው ፀጉር መሰል ክሮች ናቸው ያሉት። አበባና ፍሬ አያውቅም። ውኃውን የሚጠጣው በቅጠሉ ነው፤ የአብዛኛው ሞስ ቅጠል ውፍረቱ አንድ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ ውኃ እንደነካው ያልፍበታል። ስለዚህ አየሩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፤ ሲርስ አብሮ ይርሳል። ከደቡቡ ፊት የደረቀውን ፈንቅዬ ከጣሳ ውኃ ጠብ አደርግበት ነበር። የተኮማተሩት ቅጠሎች ዓይኔ እያየ አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ ሞተ ያልኩት ነገር ቡና እስኪፈላ እንኳ ሳይቆይ አረንጓዴ ይሆናል።

እነዚህን በፎቶ ለመያዝ የዜኒቱ ሌንስ እንዳለ አይበቃም፤ ከግማሽ ሜትር ወዲህ ጠርቶ አያሳይም። ጋሼ ያሳዩኝ ዘዴ ቀላል ነበር። የዜኒት ሌንስ ተጠምዝዞ ይወጣል፤ አውጥቶ ፊቱን ወደ ካሜራው ገልብጦ መያዝ ነው። ያን ጊዜ ሌንሱ አጉሊ መነጽር ይሆንና ክብሪት ሣጥን የማትሞላ ቦታ ሙሉውን ምስል ትሸፍናለች። ችግሩ የሚያያይዘው ነገር የለም፤ በግራ እጅ አጥብቆ መያዝ፣ ብርሃን እንዳይሾልክ ዙሪያውን በጥቁር ጨርቅ መጠቅለል፣ በቀኝ እጅ ማንሻውን መጫን ነው። ምስሉ የሚጠራው በማዞር ሳይሆን ራስን ወደፊትና ወደኋላ በማወዛወዝ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ካለፉ ሁሉም ነገር ጭጋግ ነው።

በዚያ በተገለበጠ ሌንስ ውስጥ የታየኝ ነገር እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ከአረንጓዴው መሐል ቀይ ዳማ ዘንጎች ቀጥ ብለው ይወጣሉ፤ በያንዳንዱ ዘንግ ጫፍ አንዲት ትንሽ ቋት አለች። ቋቷ ክዳን አላት፤ ክዳኑ በጊዜው ሲወድቅ አፏ ዙሪያውን በጥቃቅን ጥርስ የተከበበ ሆኖ ይታያል። ጥርሶቹ እርጥበቱን እያዩ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ውስጥ ያለው ስፖር የሚባል ብናኝ የሚበተነው በዚያ ነው። እናቴ የምድጃ አመድ የምትደፋበት ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ዓይነት ይበቅል ነበር፤ ቋቱ እንደ ማዘንበል ያለ፣ ዘንጉ የሚጠማዘዝ። ኋላ የእፅዋት መጽሐፍ ሳገላብጥ ፉናሪያ የሚባለው ሆኖ አገኘሁት፤ በዓለም ዙሪያ እሳት የነደደበትን መሬት ተከትሎ የሚበቅል ነው። የእኛ ቤት የኩበት አመድ ለእሱ ርስት ነበር።

ውርጩ ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። ውርጭ ከላይ የሚዘንብ ነገር አይደለም። ሰማይ ጠርቶ ነፋስ ሲያርፍ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች፤ ደመና ቢኖር ጥቂቱን ይመልስላት ነበር፣ በበጋ ሌሊት ግን የሚመልስ የለም። የሣሩና የቅጠሉ ፊት ከአየሩ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ከዜሮ በታች ይወርዳል። በአካባቢው ያለው እንፋሎት ያን ጊዜ ጤዛ መሆኑን ትቶ በቀጥታ በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል። የአየር ጠባይ ጣቢያ መለኪያው ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚሰቀል ከዜሮ በላይ ሁለትና ሦስት ዲግሪ እያሳየ፣ ሜዳው ግን ነጭ ሆኖ የሚያድረው ለዚህ ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ደግሞ ባለበት አይቆምም። ተዳፋቱን ይዞ ይወርድና ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ የሚያግደው ነገር ካገኘም ከበላዩ ይከማቻል። የእኛ ካብ ተዳፋቱን አቋርጦ የቆመ ስለነበር ሌሊቱን የሚወርደው አየር የሚያርፈው በሰሜኑ በኩል፣ ሽበቱ ባለበት ነበር።

ስለዚህ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ እወጣለሁ። ሌሊቱ ከሁሉ ይልቅ የሚከፋው ፀሐይ ልትወጣ ስትል ነው፤ ውርጩም ሙሉ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው። የሽበቱ ቅጠል ጫፍ ሁሉ መርፌ ያወጣል፤ በሌሊት ያደጉት መርፌዎች ጠርዝና ጫፍ ይመርጣሉ እንጂ ለጥ ባለው ላይ እምብዛም አይቆሙም። ቀያዮቹ ዘንጎች ዙሪያቸውን ነጭ ያበቅሉና አዲስ የተባዘተ የበግ ፀጉር የለበሱ ይመስላሉ። ቋቶቹ ላይ ያለው በረዶ ግን ሌላ ነው፤ በቁጥር የሚለይ ጥርት ያለ ቅርጽ ነው፣ ጠርዙ ስድስት ማዕዘን ለመሆን የሚጣጣር።

ትልቁ ጠላት ትንፋሽ ነው። ፊቴ ከሽበቱ ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም፤ አንዴ ከተነፈስኩ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራው ሁሉ ውኃ ይሆናል። አፌንና አፍንጫዬን በጋቢ ጠፍንጌ፣ ወደ ጎን ዞሬ ተንፍሼ፣ ትንፋሼን ይዤ ወደ ካሜራው እመለሳለሁ። የካሜራው ዓይን በትንፋሼ ጉም ይለብሳል፤ ጠርጌ እስክመለስ ጉልበቴ ከመሬቱ ጋር ሊጣበቅ ይደርሳል። ከዚያ ፀሐይ ትመጣለች። በካቡ ጫፍ ላይ ብልጭ ብላ በጎን ስታበራ እያንዳንዱ መርፌ ለብቻው ይታያል፤ ሥራው ሁሉ ያለው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው። ብርሃኑ ሙቀት ከመሆኑ በፊት የተነሣው ተነሣ። ጥላው ውስጥ የቀረው ትንሽ ይቆያል፤ ፀሐይ ያገኘው ግን ከጫፉ ጀምሮ ጠብ ጠብ ይላል።

መጀመሪያ የታጠቡት ምስሎች ውርጩን አመድ አስመስለውት ወጡ። ጋሼ ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ አንሥተው ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። የዜኒቱ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ነጭ ነገር ሲያሳዩት «ብርሃን በዛ» ይልና አሳንሱ ይላል። «የነገረህን ስማና አንድ ደረጃ ጨምርበት» አሉኝ። «ሙሽራ ስናነሣም እንዲሁ ነው።» በሙሽራ ቬሎ የተገኘው ዕውቀት ለውርጭ ሠራ። የሚቀጥለው ጥቅል ሲታተም ቀዩ መብራት ሥር፣ የወረቀቱ ነጭ ላይ መጀመሪያ የድንጋዩ ጥቁር፣ ቀጥሎ የሽበቱ ግራጫ ብቅ አለ፤ ውርጩ ግን ሳይነካ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጋሼ ወረቀቱን በመቆንጠጫ አንሥተው ብዙ አዩትና «ጥሩ ነው፤ ግን ማን ይገዛዋል? ሰው እኮ የለበትም» አሉ። ቢሆንም መደርደሪያው መስታወት ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ መሐል ሰኩት።

ጥቁርና ነጭ መሆኑ ይቆጨኝ ነበር። አረንጓዴ የሌለበት ሽበት ምን ሽበት ነው? ዛሬ ሳስበው ግን ፊልሙ ውለታ ውሎልኛል። ቀለም ስለሌለ ቅርጹን ብቻ ማየት ነበረብኝ፤ ዘንጉ ከቅጠሉ፣ ቅጠሉ ከድንጋዩ የሚለየው በብርሃንና በጥላ ብቻ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ ባለቀለም ፊልም አዲስ አበባ ወስጄ ማሳጠብ ስጀምር አረንጓዴው ዓይን ይስብ ነበር፤ ግን ምስሎቹ ሰነፎች ሆኑ። ቀለሙ ስላማረ ብቻ ያለቀ እየመሰለኝ ቶሎ እነሣ ነበር።

በቤታችን የውርጭ ዕውቀት ባለቤት እቴቴ ነበረች፤ የእናቴ እናት። ማታ ከእራት በፊት በረንዳው ላይ ትቆማለች። ሰማዩን ታያለች፤ የባሕር ዛፉ ጫፍ መንቀሳቀሱን ታያለች፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ መውጣቱን ታያለች። ሰማዩ ጥርት፣ ዛፉ ጸጥ፣ ጭሱ ቀጥ ካለ ፍርዱ ተሰጠ። «ልጆች፣ ጎመኑን አልብሱት» ትለናለች፤ ጆንያና ጭድ ይዘን ወደ መደቡ እንሮጣለን። የአየር ትንበያዬ እሷ ነበረች። እሷ ጎመኑን አልብሱ ባለች ማታ እኔ ወደ ጋሼ እሮጥና የተረፈ ፊልም እንዳለ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ጸሎት ነበር። እሷ ደመና ትለምናለች፤ እኔ ጥርት ያለ ሰማይ። አንድ ማታ ካሜራውን አንገቴ ላይ አይታ ጠየቀችኝ።

«ዛሬም ልታነሣው ነው?»

«አዎ እቴቴ፣ ካደረ።»

«ያድራል። አንተ ስለፈለግኸው ሳይሆን የሚያድር ስለሆነ ነው የሚያድረው።» ቀጥላ ሳቀች። «ውርጭ ፎቶ ሲነሣ አላየሁም። እስኪ ሲወጣ አሳየኝ።»

ሲወጣ አሳየኋት። ወረቀቱን ወደ ምድጃው ብርሃን አስጠግታ፣ ዘንጎቹን በጣቷ እየተከተለች ለረጅም ጊዜ አየችው። «ይኼ የኛ ካብ ነው?» አለች። አዎ አልኳት። «እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት የረገምኩት ይኼንን ነው?» አላለችም ያማረ ነው፤ አላለችም ያስቀየመ ነው። ፎቶውን ከአያቴ ፎቶ ጎን ግድግዳው ላይ በምስማር መታችው።

የምትረግመው ያለ ምክንያት አልነበረም። በእኛ አገር ባቄላ በሰኔ ይዘራና በጥቅምት እሸቱ ይደርሳል፤ ፍሬው ገና ውኃ ነው። ውርጩ ቀደም ብሎ የመጣ ዓመት የሚያገኘው እንደዚያ ሆኖ ነው። አንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ካቡ ሥር ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ከበታቻችን ጎድጓዳው ላይ ያለው የጎረቤታችን የባቄላ ማሳ ከዳር እስከ ዳር ነጭቶ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንደዚያ ያለ ብርሃን አላየሁም። ጎረቤታችን ሽማግሌ ገበሬ ነበሩ፤ በርኖሳቸውን ደርበው ከማሳቸው ዳር ቆመዋል። ከነጩ ሥር ባቄላው ገና አረንጓዴ ነው፤ የጎዳው ነገር ያለ አይመስልም። ውርጭ የመታው ቅጠል ጠዋት ጤነኛ ይመስላል። ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሕዋሱን የጎዳው መሆኑ የሚታወቀው ሲቀልጥ ነው፤ መጀመሪያ የተቀቀለ ይመስላል፣ ቀጥሎ ይጠወልጋል፣ ከዚያ ይጠቁራል።

እኔን ከነካሜራዬ አዩኝ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ጠሩኝ።

«ና እስኪ አንተ ልጅ። ያ የያዝከው ይሠራል?»

«ይሠራል አባባ። ፊልም ትንሽ ቀርቶታል።»

«እንግዲያው ቆጥበህ ያዛት። ጠዋት ያማረውን ካነሣህ፣ ከሰዓት ያመጣውንም ታነሣለህ።»

ያን ቀን ካሜራውን በሁለት ሰዓት አልመለስኩም። ጋሼ ዘንድ ሄጄ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ምንም ሳይሉ ከመሳቢያቸው ሌላ ጥቅል ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ ከጎረቤታችን ጋር ማሳውን ዳር እስከ ዳር ዞርን። እሳቸው በዱላቸው እየጠቆሙ እኔ አነሣለሁ። ጎድጓዳው መሐል ያለው ጠቁሯል፤ ወደ ተዳፋቱ ሲወጣ ጫፉ ብቻ ነው የተመታው፤ ከላይ በወገቡ ያለው ምንም አልሆነም። ውርጩ የተኛበት ቦታ ድንበሩ እንደ ተሠመረ ይታይ ነበር። የማለዳውን የሽበት ፎቶና የከሰዓቱን የባቄላ ፎቶ ጋሼ አብረው አጠቡልኝ፤ ኔጋቲቮቹ ጎን ለጎን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ይህ ልማድ ሆነብኝ። ውርጭ ባነሣሁበት ቀን ያረፈበትን ማሳም አነሣለሁ፤ ቀኑንና ቦታውን ከጀርባው በእርሳስ እጽፋለሁ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ ዊልሰን ቤንትሊ ስለሚባል አሜሪካዊ አነበብኩ። በቬርሞንት ግዛት፣ ጄሪኮ በምትባል መንደር የሚኖር ገበሬ ነበር። ካሜራን ከማይክሮስኮፕ ጋር አጋጥሞ እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1885 የራሱን የመጀመሪያ የበረዶ ቅንጣት ፎቶ አነሣ፤ እስኪሞት ድረስ ከ5,000 በላይ አነሣ። ውርጭና ጤዛም አንሥቷል። የደነቀኝ ብዛቱ አይደለም፤ ይህን ሁሉ የሠራው እርሻው ላይ ሆኖ፣ ላሞቹን እያለበ መሆኑ ነው። ከቤት ያልራቀ ሰው ከቤት ያልራቀውን ነገር ሲያይ ማንም ያላየውን ሊያይ ይችላል ለማለት ከዚህ የተሻለ ምስክር አላውቅም። እኔም ኋላ መኪናም ጊዜም ሳገኝ ወፍ ዋሻ ሄጃለሁ። ኮሶውና ጥዱ ላይ የተንጠለጠለው ረጅም ሽበት፣ ግንዱን እስከ ቅርንጫፉ ያለበሰው ሞስ፣ ለፎቶ አንሺ ገነት ነው። ቆንጆ ቆንጆ ምስል ይዤ ተመለስኩ። ግን ዛፎቹ ነገ ምን እንደሚሆኑ፣ ውርጩ ማንን እንደሚነካ፣ የትኛው ጥላ እስከ መቼ እንደሚቆይ አላውቅም፤ እንግዳ ነኛ። በጓሮዬ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ አውቀዋለሁ።

ከተማዋ ዛሬ ሰፍታለች። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ሥራ ጀመረ፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፤ በበሬሳ አቅጣጫ ሜዳ የነበረው ቤት ሆነ። የአያቴ ካብም ፈርሶ በብሎኬት ተተካ። ብሎኬቱ ራቁቱን ሲቆም ነገሩ ያበቃለት መስሎኝ ነበር። ጥቂት ክረምት ካለፈበት በኋላ ግን በሰሜን ፊቱ፣ ከመሠረቱ አጠገብ፣ የውኃ መውረጃው በሚነካው በኩል አረንጓዴ ጀመረው። ሽበት ድንጋዩ የማን እጅ እንዳለፈበት አይጠይቅም፤ ጥላና እርጥበት ይበቃዋል። አሁን ልጄ በስልኳ ታነሣዋለች። ስልኩ ቀርቦ ለማየት እኛ በጨርቅና በትንፋሽ የደከምነውን ያህል አያስለፋትም፤ ብርሃኑንም ራሱ ያስተካክላል። ውርጩን ግራጫ ማድረግ ግን እሱም አልተወም፤ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ወደ ላይ እንድትጎትት የነገርኳት እኔ ነኝ። «የሙሽራ ዘዴ ነው» አልኳት።

የእነዚያ ጥንድ ፎቶዎች ትልቁ ዋጋ ግን እኔ ባላሰብኩት መንገድ መጣ። ሽማግሌው ጎረቤታችን ከማረፋቸው ጥቂት ዓመት በፊት ቤቴ መጥተው «ያኔ ያነሣኸው አለ ወይ?» አሉኝ። ሣጥኑን አወጣሁ። የተለያዩ ዓመታት ምስሎች፣ ከጀርባቸው ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው፣ ጠረጴዛው ላይ ተደረደሩ። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩና የፈለጉትን መርጠው ለዩ። ማሳውን የተረከበው ልጃቸው የባቄላ ዋጋ ጥሩ ነው ብሎ ጎድጓዳውንም ባቄላ ሊዘራበት ተነሥቷል። «እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ውርጩ የሚተኛው እዚያ ነው። ብነግረው 'አባባ፣ ያ ድሮ ነው' ይለኛል። እስኪ ይኼን ይካድ» አሉ።

ልጁ መጥቶ አየ። ምስሎቹን አጋጠመ፤ ከአንዱ ዓመት ወደ ሌላው የጥቁሩን ድንበር በጣቱ ተከተለ፤ በሁሉም አንድ ቦታ ነው የሚቆመው። ብዙ አልተከራከረም። ባቄላውን ከወገብ በላይ ዘራ፤ ጎድጓዳውን ቶሎ ለሚደርስ ገብስ ተወው። አባትየው ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው የሽበቱንም ፎቶ አንድ ለምነው ወሰዱ። «ይቺስ ለምን አባባ?» አልኳቸው። «ይቺ ለእኔ ነች» አሉ። «ለልጄ ማስረጃውን ሰጠሁት፤ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የታገልኩትን መልኩን ልየው።»

ዛሬ ከቤቱ አጠገብ ያለ ነገር ፎቶ ማንሳት የሚወድ ወጣት ሲጠይቀኝ የምለው ይኸው ነው። ከፀሐይ ቀድመህ ውጣ፤ ትንፋሽህን ያዝ፤ ነጩን ነጭ አድርግ። ስትጨርስ ግን ካሜራውን ወደ ማሳው መልስና የማን እንደሆነ ጠይቅ። የምታነሣው ነገር ሰፈርህ ውስጥ ነውና ባለቤቱን ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ።